ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ

ትምህርትና ቤተሰብ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በአሜሪካ ልጆቻቸውን ከሚያሳድጉ ወላጆች ዘንድ ደጋግሞ የሚሰማ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ልጄ እንግሊዝኛውን ከእኔ በተሻለ ይናገራል፣ ያነባልም። ታዲያ በሰዓት ተወስኖ ጻፍ ሲባል እጁ የሚታሰረው ለምንድን ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ምክንያቱም እንዲህ ያለው ፈተና የሚጠይቀው የቋንቋ ችሎታን ብቻ አይደለም፤ የሌላን ሰው ቃል ሳያዛቡ መስማትን፣ መመዘንን፣ ከዚያም በራስ ሚዛን ፍርድ መስጠትን ነው። በዛሬው ጽሑፋችን ይህን ጉዳይ ኢንሻ አላህ በዝርዝር እንመለከታለን።

ፈተናው ምንድን ነው?

ኤ.ፒ. የሚባለው ፕሮግራም በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ኮሌጅ ሳይገቡ የኮሌጅ ደረጃ ትምህርት የሚቀስሙበት ነው። ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኮሌጅ ቦርድ የተባለው ድርጅት ሲሆን፣ በየዓመቱ በሜይ ወር ይሰጣል። ውጤቱ ከ1 እስከ 5 ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች 3 እና ከዚያ በላይ ላመጣ ተማሪ እንደየደንባቸው የኮርስ ክሬዲት ይሰጣሉ። ይህም ለአንድ ቤተሰብ የኮሌጅ ክፍያን ማቃለል ማለት ስለሆነ ነገሩ ቀላል አይደለም።

ከእነዚህ ፈተናዎች አንዱ በሆነው የእንግሊዝኛ ቋንቋና ድርሰት ፈተና ተማሪው ሦስት ድርሰቶችን ይጽፋል። ሦስቱ በአንድነት ከጠቅላላው ውጤት 55 በመቶ ይይዛሉ። ለሦስቱ የተመደበው ጊዜ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 15 ደቂቃው ለንባብ፣ ለእያንዳንዱ ድርሰት ደግሞ 40 ደቂቃ ያህል እንዲውል ይመከራል። የመጀመሪያው ድርሰት እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው ሲሆን፣ ተማሪው ከምንጮች ተነስቶ ክርክር እንዲያቀርብ የሚጠየቅበት ነው። አንድ አከራካሪ ጉዳይ ይነሳል። በጉዳዩ ላይ ብዙውን ጊዜ ስድስት ያህል አጫጭር ምንጮች ይሰጣሉ። ከእነዚህ መካከል ሥዕል ወይም ሠንጠረዥም ይገኛል። ተማሪው ቢያንስ ሦስቱን ጠቅሶ የራሱን አቋም ማስረዳት አለበት። እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ ይህ ሁሉ የሚከናወነው ብሉቡክ በተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። በመሆኑም በእጅ ብቻ መጻፍን የለመደ ልጅ በመተየብም መለማመድ ይኖርበታል።

የማረሚያው መለኪያም የታወቀ ነው። ድርሰቱ ከ6 ነጥብ ይታረማል። ግልጽ አቋም ላስቀመጠ 1 ነጥብ፣ ለማስረጃና ማስረጃውን ለማብራራት እስከ 4 ነጥብ፣ ለአስተሳሰብ ብስለት 1 ነጥብ ይሰጣል። እዚህ ላይ ልብ በሉ! ከስድስቱ አራቱ የተቀመጡት ለማስረጃና ለማብራሪያ ነው። ቃላት ማሳመሩ ብቻውን ሩቅ አያደርስም።

ልጆቻችን የሚቸገሩት የት ላይ ነው?

አንደኛው ችግር ከአስተዳደግ ጋር የተያያዘ ነው። እኛ ልጆቻችንን ትልቅ ሰው ሲናገር አድምጡ፣ መልስ አትስጡ እያልን ነው ያሳደግናቸው። ይህ አደብ መልካም ነው፤ ልንተወውም አይገባም። ነገር ግን በዚህ መልክ ያደገ ልጅ ፕሮፌሰር የጻፈው ምንጭ ሲቀርብለት መመዘኑ ድፍረት ይመስለዋል። ስለዚህ የተባለውን በቅደም ተከተል ደግሞ ያስቀምጥና ይወጣል። በወረቀት ላይ ሐሳብን በሐሳብ መመዘን ሰውን መዳፈር አለመሆኑን በግልጽ ልንነግረው ይገባል።

ሁለተኛው ችግር በተለይ ዕድሜያቸው ከፍ ብሎ ከኢትዮጵያ የመጡትን ይመለከታል። በአገራችን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና መልሱ ከምርጫ መካከል የሚለይበት ነው። ትክክለኛውን ፊደል ማጥቆር የለመደ ተማሪ «ሁለቱም ወገን ሊሞገትለት ይችላል፤ አንተ ምረጥና አስረዳ» ሲባል ግራ ይጋባል። ፈታኙ የሚፈልገው «ትክክለኛው መልስ» የተደበቀ ይመስለዋል። የተደበቀ መልስ ግን የለም። የሚታረመው ወደየትኛው ወገን እንዳዘነበለ ሳይሆን አቋሙን እንዴት እንዳስረዳ ነው።

ይህ ዕውቀት ለእኛ ባዕድ አይደለም

ውድ ወጣቶች! ምንጭን መመዘን ከምዕራቡ ዓለም የመጣ አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። ቁርኣን በሱረቱል ሑጁራት 6ኛ አያ አመጸኛ ሰው ወሬ ይዞ ሲመጣ በሌሎች ላይ ባለማወቅ ጉዳት እንዳናደርስ ማጣራትን ያዘናል። በሱረቱል ኢስራእ 36ኛ አያ ዕውቀት የሌለንን ነገር እንዳንከተል ይከለክለናል። በሱረቱል ማኢዳህ 8ኛ አያ ደግሞ ለሰዎች ያለን ጥላቻ ፍትሕን እንድንተው እንዳይገፋፋን ያስጠነቅቀናል።

ዐሊይ (ረ.ዐ.) ለዳኝነት ወደ የመን ሲላኩ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሰጧቸው ምክር፣ ሁለት ተከራካሪዎች ሲቀርቡ የአንደኛውን ሰምተው የሁለተኛውን ሳይሰሙ እንዳይፈርዱ ነበር። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። የሐዲስ ሊቃውንትም አንድ ንግግር ሲቀርብላቸው «ምን አለ?» ብቻ ሳይሆን «ማን ከማን ሰማው? አስተላላፊው እውነተኛ ነው? ትውስታውስ?» እያሉ ይመረምሩ ነበር። የኢስናድ ዕውቀት ያደገውም በዚህ መንገድ ነው።

ተቃራኒን ሐሳብ በሚዛን ማቅረብንም ከሊቃውንቶቻችን እንማራለን። ኢማም አቡ ሐሚድ አል-ገዛሊ (እ.ኤ.አ. 1058–1111) የፈላስፎችን ሐሳብ ብቻ የሚያብራራ «መቃሲድ አል-ፈላሲፋ» የተባለ መጽሐፍ አላቸው። ፈላስፎቹን የሞገቱበት መጽሐፍ «ተሃፉት አል-ፈላሲፋ» ይባላል። አንድን ሐሳብ በሚገባ ሳይረዱ ማፍረስ በጨለማ እንደመወርወር መሆኑን አስተምረዋል። ለእርሳቸው መልስ የጻፉት የቁርጡባው ኢብን ሩሽድ (እ.ኤ.አ. 1126–1198) ደግሞ «ተሃፉት አት-ተሃፉት» በተባለው መጽሐፋቸው የገዛሊን ቃል ክፍል በክፍል እየጠቀሱ ነው መልስ የሰጡት። ሁለቱ ሊቃውንት በሐሳብ ተራርቀዋል። ሆኖም አንዱም የባላጋራውን ቃል ሳይመለከት አልተናገረም። ዛሬ ከተማሪው በ40 ደቂቃ የሚጠየቀው የዚሁ ሥራ ትንሽ አምሳያ ነው።

ጊዜውን እንዴት እንጠቀምበት?

በ15ቱ የንባብ ደቂቃ መጀመሪያ ጥያቄውን ሁለት ጊዜ አንብብ። ምንጮቹን ከመንካትህ በፊት «እኔ ምን ይመስለኛል?» ብለህ ራስህን ጠይቅ። ከዚያ እያንዳንዱን ምንጭ ስታነብ በአንድ መስመር ሦስት ነገር ጻፍ፦ የተናገረው ማን ነው? ምን አለ? ለየትኛው ወገን ይረዳል? ምንጮቹ አቋምህን ካስቀየሩህ ቀይር፤ ነውር የለውም።

ከ40ው ደቂቃ አምስቱን ለዕቅድ አውል። አቋምህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍ። ከሥሩ ሁለት ወይም ሦስት ምክንያቶችን አስቀምጥ። ከእያንዳንዱ ምክንያት ጎን የሚደግፈውን ምንጭ ምልክት አድርግ። ቀጥሎ ሠላሳ ደቂቃ ያህል ጻፍ። የመጨረሻዎቹን አምስት ደቂቃዎች ለማንበብና ለማረም አስቀር። መግቢያውን ለማሳመር አሥር ደቂቃ የሚያጠፋ ተማሪ ብዙ ነጥብ ያለበትን ክፍል ሳይጨርስ ሰዓቱ ያልቅበታል።

በምሳሌ እንየው

እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ጥያቄ ለእኛ ልጆች እጅግ የቀረበ ነበር። ከእንግሊዝኛ በቀር ሌላ ቋንቋ የማያውቁ ሰዎች በዛሬው ዓለም ይጎዳሉ ወይስ አይጎዱም? የሚል ነው። በፈተናው የቀረቡትን ምንጮች ትተን ለልምምድ ያህል አራት ምንጮች እኛው እናዘጋጅ። ምንጭ ሀ፦ አንድ ነጋዴ በእንግሊዝኛ ብቻ በብዙ አገር ነግዶ ማትረፍ እንደሚቻል፣ ሆኖም ደንበኛ በቋንቋው ሲያናግሩት ይበልጥ እንደሚቀርብ ይናገራል። ምንጭ ለ፦ አንዲት የሆስፒታል ሠራተኛ በአስተርጓሚ የሚደረግ ንግግር ጊዜ እንደሚወስድና የሚቀር ነገር እንዳለ ትገልጻለች። ምንጭ ሐ፦ የውጭ ቋንቋ የሚማሩ ተማሪዎች ቁጥር መቀነሱን የሚያሳይ ሠንጠረዥ ነው። ምንጭ መ፦ አንድ የትምህርት ቤት አስተዳዳሪ ገንዘብ ውስን ስለሆነ ለሒሳብ ትምህርት ቢውል ይሻላል ይላል።

ደካማው አንቀጽ እንዲህ ይሆናል፦ «ምንጭ ሀ በእንግሊዝኛ መነገድ ይቻላል ይላል። ምንጭ ለ አስተርጓሚ ችግር አለው ይላል። ምንጭ ሐ ተማሪዎች መቀነሳቸውን ያሳያል። ስለዚህ ቋንቋ መማር ጥሩ ነው።» ይህ መልእክተኛ እንጂ ተከራካሪ አይደለም። «ስለዚህ» የምትለዋም ቃል የቆመችው ያለ መሠረት ነው።

የተሻለው ደግሞ ይህን ይመስላል፦ «እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው እንጀራ አያጣም፤ የሚያጣው መቀራረብን ነው። በእንግሊዝኛ ብቻ ማትረፍ እንደሚቻል የሚመሰክረው ነጋዴ እንኳ ደንበኛው በራሱ ቋንቋ ሲያናግሩት ይበልጥ እንደሚቀርብ አልደበቀም (ምንጭ ሀ)። በገበያ ላይ ይህ ትንሽ ልዩነት ሊመስል ይችላል። በሕክምና ቦታ ግን በአስተርጓሚ ሲተላለፍ የሚቀር ነገር አለ (ምንጭ ለ)፤ የቀረው ነገር የሕመሙ ዋና ምልክት ቢሆንስ? የትምህርት ቤት ገንዘብ ውስን ነው የሚለው ክርክር እውነትነት አለው (ምንጭ መ)። ነገር ግን የሚያሳየው ቋንቋ ማስተማር ወጪ እንዳለው እንጂ ቋንቋ አለማወቅ ጉዳት እንደሌለው አይደለም።»

ልዩነቱን አያችሁ? በሁለተኛው አንቀጽ መሪው ተማሪው ነው፤ ምንጮቹ ምስክሮች ናቸው። ተቃራኒውም ወገን ተሰምቶ፣ እውነቱ ተቆጥሮለት መልስ ተሰጥቶታል። ሠንጠረዡ (ምንጭ ሐ) ያልተጠቀሰውም በምክንያት ነው። ቁጥሩ መቀነሱን ያሳያል፤ በመቀነሱ ማን እንደተጎዳ ግን አይናገርም። ምስክርን ያላየውን አትጠይቁት።

ማንም የማያጣራበት ቦታ

ውድ ወንድሞችና እህቶች! አሁን ወደ ጉዳዩ እምብርት እንመጣለን። በዚህ ፈተና ሁለት ፈታኝ ነገሮች ይገጥሟችኋል።

አንደኛው ቃልን መቁረጥ ነው። ከነጋዴው ንግግር «ደንበኛ በቋንቋው ሲያናግሩት ይበልጥ ይቀርባል» የሚለውን ብቻ ወስዶ፣ በእንግሊዝኛ ማትረፍ ይቻላል ያለውን መሰወር ይቻላል። አራሚው ምንጮቹን ስለሚያውቃቸው ይህ ውጤትን ሊጎዳ ይችላል። ባይጎዳ እንኳ ሰውየው ላላለው ነገር ምስክር አድርጎ ማቆም የቃል አማና ማጉደል ነው።

ሁለተኛው ይብሳል። ተማሪው ከምንጮቹ ሌላ ከራሱ ሕይወት ወይም ካነበበው ምሳሌ መጨመር ይችላል። አራሚው ግን የተማሪው አያት ሐኪም ቤት ምን እንደገጠማቸው የሚያጣራበት መንገድ የለውም። ስለዚህ «አንድ አጎት ፍጠርና ታሪክ ስጠው፤ ማን ያውቅብሃል?» የሚል ምክር በተማሪዎች መካከል ይሰማል። ከውጤት አንጻር ብቻ ካየነው ምክሩ ብልሃት ሊመስል ይችላል። ሙስሊም ወጣት ግን ማን እንደሚያውቅበት ያውቃል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) እውነት ወደ በጎነት፣ በጎነትም ወደ ጀነት እንደሚመራ፣ ውሸት ደግሞ ወደ አመጽ፣ አመጽም ወደ እሳት እንደሚመራ፣ ሰውም ውሸትን ከመደጋገሙ የተነሳ አላህ ዘንድ ውሸታም ተብሎ እንደሚመዘገብ አስተምረዋል። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። በ17 ዓመቱ ለአንድ ነጥብ ብሎ አጎት የፈጠረ ሰው፣ ነገ በሥራው ላይ ሪፖርት ሲጽፍ ምን ሊፈጥር ይችላል?

ደግሞስ ፈጠራው ለምን ያስፈልጋል? ብዙዎቻችሁ ገና በሰባትና በስምንት ዓመታችሁ ለእናታችሁ ከባንክ የመጣውን ደብዳቤ ተርጉማችኋል። ለአያታችሁ በሐኪም ፊት ቆማችሁ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሐረሪ «የት ላይ ነው የሚያምዎት?» ብላችሁ ጠይቃችኋል። ይህ እውነተኛ ምስክርነት ነው። ያልደረሰባችሁን ነገር ማንሳት ካስፈለጋችሁ ደግሞ «እንበልና አንድ ሰው ቢያጋጥመው» ብላችሁ ግምት መሆኑን ግለጹ። ግምትን ግምት ነው ብሎ ማቅረብ ውሸት አይደለም፤ ክርክርንም አያዳክምም። ነገር ግን የራስ ታሪክ ቢያምርም የሦስቱን ምንጮች ቦታ እንደማይተካ አትርሱ።

ምናልባትም አንድ ቀን ስለ እስልምና ወይም ስለ ሕዝባችሁ ሚዛን የጎደለው ቃል ያለበት ምንጭ ይቀርብላችሁ ይሆናል። ያን ጊዜ ደም ይፈላል፤ ደቂቃውም ይሮጣል። መፍትሔው ምንጩን መሳደብም፣ እንዳላዩ ማለፍም አይደለም። የተናገረውን በትክክል አስቀምጡ፤ ማስረጃው የጎደለው የት ላይ እንደሆነ አመልክቱ፤ እውነት ያለበትን ተቀበሉ። ከላይ የጠቀስነው የሱረቱል ማኢዳህ ትምህርት የሚፈተነው እንዲህ ባለው ቦታ ነው።

ለታላላቆችም የሚሆን

ይህ ሥራ የልጆች ብቻ አይደለም። ትምህርታቸውን ያቋረጡ ብዙ እናቶችና አባቶች ጂ.ኢ.ዲ. ለተባለው የሁለተኛ ደረጃ አቻ ፈተና ይዘጋጃሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 ተሻሽሎ በቀረበው ፈተና ላይ በ45 ደቂቃ የሚጻፍ ተመሳሳይ ጽሑፍ ገብቶበታል። በአንድ ጉዳይ ላይ የሚቃረኑ ሁለት ሐሳቦች ይቀርባሉ። እዚህ ላይ ልዩነቱን ማስተዋል ይገባል። የሚጠየቀው «አንቺ የትኛውን ትደግፊያለሽ?» የሚል አይደለም፤ «በተሻለ ማስረጃ የቀረበው የትኛው ነው?» የሚል ነው። የማንወደው ወገን የተሻለ ማስረጃ ይዞ ሊገኝ ይችላል። ያንን አምኖ መጻፍ ዳኝነት ነው።

ወላጆች ምን ያድርጉ?

«እኔ እንግሊዝኛ አልችል፤ ምን ልረዳው?» የምትሉ ወላጆች ተስፋ አትቁረጡ። ክርክር የሚሠራው በማንኛውም ቋንቋ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ከመግሪብ በኋላ ቤተሰቡ አንድ ጉዳይ ያንሳ። ለምሳሌ ልጆች ስልክ በስንት ዓመታቸው ይያዙ? ክረምቱን አገር ቤት ሄደው ይክረሙ ወይስ እዚሁ ይማሩ? አንዱ ሐሳቡን በሁለት ደቂቃ ይናገር። ሌላው መልስ ከመስጠቱ በፊት የወንድሙን ወይም የእህቱን ሐሳብ በራሱ ቃል ይድገም። የመጀመሪያው ተናጋሪ «አዎ፣ ያልኩት ይህንን ነው» ካላለ ተራው አይተላለፍም። ይህቺ ሕግ ብቻ ብዙ ታስተምራለች። ከዚያም «ይህን ከየት ሰማኸው? የተናገረው ማን ነው? እርሱስ በምን አወቀ?» ብላችሁ ጠይቁ። ልጁ የእናንተን ሐሳብ በአደብና በማስረጃ ሲሞግት አትቆጡ፤ ማስረጃው ካሸነፈም አሸነፍክ በሉት።

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። ልጁ ይህን በማዕድ ዙሪያ ከለመደ፣ በፈተናው አዳራሽ አዲስ የሚሆንበት ሰዓቱ ብቻ ነው። ሰዓቱን ደግሞ በልምምድ ይለምደዋል። ከፈተናው በኋላም በገበያ፣ በሥራ ቦታ፣ በስልኩ በሚደርሰው ወሬ ሁሉ የሚያገለግለው ይኸው ልማድ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን ሰምተው ከሚያጣሩ፣ ተናግረው ከሚያስተካክሉ፣ ማንም በማያያቸው ጊዜ እውነትን ከሚይዙት ያድርግልን። አሚን።

ወቢላሂ ተውፊቅ።